የሁለት ወንዶች ፍቅርና የቀረ ቤት፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በጥብቅ ሃይማኖተኛ ቤት ያደገ ወጣት ሌላ ወንድ ወዶ ከቤተሰቡ የሚለይበትን የፍቅር ታሪክ እየጻፋችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ የፍቅር ልብወለድ ረቂቆችን እያነበብኩ አስተያየት መስጠት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያደግኩትም እንዲህ ባለ ቤት ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ታሪኩን ልጁ ሻንጣውን ይዞ በሌሊት ከቤት ሲወጣ ልጀምረው አስቤያለሁ። ጥሩ መነሻ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እኔ አልመክርህም። አንባቢው ልጁ ምን ትቶ እንደወጣ ካላወቀ መውጣቱ ብቻውን አይነካውም። መጀመሪያ ቤቱን አሳየን፣ ደግሞ የሚወደድ አድርገህ አሳየን። ጠዋት ሁሉም አብሮ ሲጸልይ የእናቱ ድምፅ ቀድሞ ሲሰማ፣ ታናሽ እህቱ በጸሎት መሀል ስታንቀላፋ እሱ ማንም ሳያይ በክርኑ ነካ ሲያደርጋት፣ በጉባኤው ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር ሲታወቅ። ጥብቅ የሃይማኖት ማኅበረሰብ እኮ እምነት ብቻ አይደለም የሚሰጥህ። ሥራ የሚያፈላልግልህ እሱ ነው፣ ስትታመም የሚጠይቅህ እሱ ነው፣ ስታገባ የሚድርህ፣ ስትሞት የሚቀብርህም እሱ ነው። ልጁ ሲወጣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። ይህ ካልተጻፈ ታሪኩ ከመጥፎ ሰዎች ማምለጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሚወዱህና ከምትወዳቸው ሰዎች መለየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አባቱ ጨካኝ ነው፣ ይደበድበዋል፣ ይሰድበዋል። አንዳንድ አንባቢዎቼ "ተጋነነ" አሉኝ። እውነት ግን እንዲህ ያሉ አባቶች የሉም?

መልስ፦ አሉ፣ በደንብ አሉ። ታሪክሽ የሚፈልገው እሱን ከሆነ ጻፊው። ግን ልጁን የሚወድና እያዳነው እንደሆነ ከልቡ የሚያምን አባት የበለጠ ያስፈራኛል። ኬትሊን ራያን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ብዙ ቤተሰቦችን አጥንታለች። ልጆቻቸውን የሚገፉ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ጥላቻ ሳይሆን ፍርሃት እንደሚመራቸው፣ ልጁን እየረዱት እንደሆነ እንደሚያስቡ አሳይታለች። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በወጣትነታቸው ከቤተሰብ ከፍተኛ መገፋት የደረሰባቸው ጌይና ሌዝቢያን ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት፣ እምብዛም ካልተገፉት ከ8 እጥፍ በላይ ነበር። እስቲ እነዚህን ሁለት ነገሮች አብረሽ ያዣቸው። አባቱ ይወደዋል፣ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ሊገድለው ይችላል። በሩ ላይ ቆሞ "ልጄ፣ እኔ አንተን በዘላለም ማጣት አልችልም" የሚል አባት ፊት ልጁ ምን ይመልሳል? ለዱላማ መልስ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሃይማኖት ልምረጥ? ወይስ ስም የሌለው ፈጥሬ ልገላገል?

መልስ፦ መፍጠር ትችላለህ፣ ግን ሕጉን ጨርሰህ ፍጠር። አወጣጡ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። አሚሾችን ውሰድ፣ በአሜሪካ ከዘመናዊው ኑሮ ርቀው የሚኖሩ ጥብቅ ክርስቲያኖች ናቸው። ልጁ ከመጠመቁ በፊት ከወጣ አይወገዝም፣ ከተጠመቀ በኋላ ከወጣ ግን ይገለላል። ጥምቀቱ ደግሞ ሰውዬው ካደገ በኋላ በራሱ ፈቃድ የሚፈጽመው ነው። ከዚህ ብቻ ሙሉ ልብወለድ ይወጣል፤ ፍቅሩ የያዘው ከጥምቀቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በይሖዋ ምስክሮች ዘንድ ነገሩን የሚያዩት የጉባኤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከተወገደ ሰው ጋር ምእመናን መቀራረብ ያቆማሉ። እጅግ ወግ አጥባቂ በሆኑ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ደግሞ ጋብቻ በአገናኝ ነው የሚሄደው። አንድ ልጅ ወጣ ከተባለ የእህቶቹና የወንድሞቹ የትዳር ዕድል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እናቱ "ለእኔ ብለህ ቅር" አትለውም፣ "ለእህትህ ብለህ ቅር" ነው የምትለው። የራስህን ስትፈጥር እነዚህን መልስ፤ የሚወስነው ማነው፣ እንዴት ይነገረዋል፣ ከውሳኔው በኋላ አብሮት ማዕድ መቅረብ የሚችል አለ፣ የመመለሻ መንገዱስ ምንድን ነው። ጥያቄዎቹ ሲመለሱ ትዕይንቶቹ በራሳቸው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ አፍቃሪው መጥቶ ከዚያ ቤት ቢያወጣው ምን ችግር አለው? ሮማንስ አይደል?

መልስ፦ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ይሄ ነውና ትንሽ ልርዘም። የሚደርሱኝ ረቂቆች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሙሉ ሕይወቱን ሌላ ሰው ሲወስንለት ኖሯል። ምን እንደሚለብስ፣ ምን እንደሚያነብ፣ ማንን እንደሚያገባ፣ ሌላው ቀርቶ ሲያዝን ምን ማለት እንዳለበት ተነግሮታል። አሁን አንድ ቆንጆ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ከተሜ ወንድ መጥቶ እጁን ይዞ ያወጣዋል፣ ቤቱ ያስገባዋል፣ ልብስ ይገዛለታል፣ "ካሁን በኋላ እንዲህ ነው የሚኖረው" ይለዋል። አዛዡ ተቀየረ እንጂ ምን ተለወጠ? አንባቢ ይህን ቃላት ባያገኝለትም ይሰማዋል።

ስለዚህ የመውጣቱ ውሳኔ የልጁ የራሱ ይሁን። አፍቃሪው "አልፈልግህም" ቢለው እንኳ የሚጸና ውሳኔ ማለቴ ነው። ይህን የምትፈትኚበት መንገድ አለ። ከወጣ በኋላ ሁለቱን ክፉኛ አጣያቸውና ለጥቂት ምዕራፎች ለያያቸው። ልጁ ብቻውን፣ ገንዘብ ሳይኖረው፣ ስልኩ ላይ የእናቱ ቁጥር እያለ ወደ ቤት ካልተመለሰ፣ እውነትም ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሲታረቁ ፍቅራቸው ፍቅር ብቻ ይሆናል፣ መጠለያ አይሆንም።

ሌላው፣ አፍቃሪውም የራሱ ጉድለትና ፍላጎት ይኑረው። ስንት ረቂቅ ውስጥ ታጋሽ፣ ጥበበኛ፣ ሁሉን የሚረዳ ሆኖ አገኘዋለሁ! እሱም ይሰልች። "እኔን ወደህ ነው ወይስ እነሱን ሸሽተህ?" ብሎ ይጠይቅ። ያ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ልጁም ወዲያው መመለስ ባይችል ያምርበታል። እሺ የማለት ልማዱም ቶሎ አይለቀውም። የት እንሂድ ሲባል "አንተ እንዳልክ" ይላል፣ ምን ትወዳለህ ሲባል ዝም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ "አይ፣ ይሄን አልወድም" ያለበትን ቀን ግን በደንብ ጻፊው። እኔ ከመጀመሪያው መሳሳም ይልቅ እሱን ትዕይንት ነው የምጠብቀው።

ጥያቄ፦ አብረው ካደሩ በኋላ ጥፋተኝነት ይሰማው ወይስ ነፃነት?

መልስ፦ ሁለቱም፣ በአንድ ሌሊት። ልጅ ሆነህ የተማርከው ፍርሃት አእምሮህ ስላመነ ብቻ ከሰውነትህ አይወጣም። ተደስቶ ሳለ ድንገት ለመጸለይ ሊነሳ ይችላል። ልማድ ስለሆነ ይጸልያል፣ ከዚያ ለማን እንደሚጸልይ ግራ ይገባዋል። አፍቃሪው ዝም ብሎ ይጠብቀው። ንግግር አታብዛበት።

ጥያቄ፦ እምነቱን የግድ መተው አለበት? እኔ አማኝ ነኝ፣ ገጸ ባሕሪዬም እንዲተው አልፈልግም።

መልስ፦ በፍጹም የግድ አይደለም፣ እንዲያውም ይህኛው መንገድ በበቂ አልተጻፈበትም። ትሮይ ፔሪ የሚባል የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ነበር። ጌይ በመሆኑ ከአገልግሎት ተወገደ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሎስ አንጀለስ አካባቢ በገዛ ቤቱ አምልኮ ጀመረ፣ በመጀመሪያው ቀን የመጡት 12 ሰዎች ነበሩ። ያች ስብስብ በኋላ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያላት ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ማለትም ከጉባኤ የወጣ ሁሉ ከእግዚአብሔር አልወጣም። የአንቺ ልጅ መዝሙሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ፈተናው ያለው አፍቃሪው የማያምን ከሆነ ነው። አንዱ ሲጸልይ ሌላው ምን ያደርጋል? እዚያ ውስጥ ጥሩ ግጭት አለ፣ ቶሎ አትዝጊው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቹ "ይፈወስ" ብለው የሚልኩበትን ቦታ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዘመኑን አትሳት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በግንቦት 1990። ስለዚህ በአንተ ዘመን ሳይንሱ ተናግሮ ጨርሷል፣ "እንለውጣለን" የሚሉት ግን ገና ብዙ ተከታይ ነበራቸው። ከነሱ ትልቁ ኤግዞደስ ኢንተርናሽናል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሥርቶ በ2013 ተዘጋ። ሲዘጋ መሪው አላን ቻምበርስ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ በፊትም ያገኛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ በአደባባይ ተናግሮ ነበር።

ትዕይንቱን ስትጽፍ ደግሞ ጩኸትና ሰንሰለት ብቻ አታድርገው። ብዙ ጊዜ ጾም፣ ኑዛዜ፣ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ እርስ በርስ መተቃቀፍ ነበር። ለብዙዎች ምስጢራቸውን የሚያውቅ ሰው መሀል የተቀመጡበት የመጀመሪያ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ልጁ እዚያ ወዳጅ ያፈራል፣ ይጽናናል፣ እየተጎዳም ይጽናናል። አስቸጋሪው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩ የእኔ ነው። ገና ከቤተሰቤ ጋር ነው የምኖረው። የጻፍኩትን ለእነሱ ባነብላቸው ይረዱኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አሁን አታንብብላቸው። ከታሪኩ አንተ ትበልጥብኛለህ። ዛሬም ከ60 በላይ አገሮች ይህንን ፍቅር በሕግ ይቀጣሉ፣ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታም ከቤት መባረር አለ። በሚናገሩበት ቀን የሚያድሩበት የሌላቸው ልጆች አሉ። እውነትን መናገር ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜውን የምትመርጠው አንተ ነህ፣ ለማንም የምትከፍለው ዕዳ የለብህም።

አሁን የሚያስፈልግህ ሌላ ነው። መታወቂያህና የትምህርት ማስረጃህ አንተ የምታገኘው ቦታ ይሁኑ። በስምህ ብቻ ያለ ትንሽ ገንዘብ ያዝ። ቢከፋ የምታድርበትን አንድ ቤት ቀድመህ እወቅ። የምታምነው አንድ ሰው ይኑርህ፣ አንድ ይበቃል። ጽሑፉን በይለፍ ቃል ቆልፈው፣ የእውነተኛ ሰው ስምና ሰፈር አውጣበት፣ ሌሎች በሚከፍቱት ስልክ ላይ አታስቀምጠው። ራስህን ለመጉዳት የምታስብበት ሌሊት ከመጣ ደግሞ ብቻህን አትደር፣ ላመንከው ሰው ያንኑ ሌሊት ደውል። ልብወለዱ ይጠብቃል፣ መጥፎ ነገር ሳይደርስብህ ብትጨርሰው ነው ደስ የሚለኝ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ካልታረቀው እንዴት መጨረሻው ደስተኛ ይሆናል?

መልስ፦ የአሜሪካ የሮማንስ ደራሲያን ማኅበር ለሮማንስ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። የፍቅር ታሪኩ የልብወለዱ ማዕከል ይሁን፣ መጨረሻው ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው ይሁን። አባትየው ሰርግ ላይ ይምጣ የሚል የለበትም። ደስታው የጥንዶቹ ነው። በመጨረሻው ገጽ አባት በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ሲመርቅ ሳነብ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ለልጁ ሳይሆን ለራሱ ያዘነ ይመስለኛል።

ግን ወላጅ አይለወጥም አላልኩም። ጂን ማንፎርድ የምትባል የኒውዮርክ መምህርት ነበረች። ጌይ የሆነው ልጇ ሞርቲ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቃውሞ ላይ ተደበደበ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፣ በዚያው ዓመት ከልጇ ጎን ሰሌዳ ይዛ በሰልፍ ወጣች። በዓመቱ ያሰባሰበችው የወላጆች ስብሰባ፣ ዛሬ ፒፍላግ የሚባለው፣ የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረገው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስለዚህ እናትየውን ማምጣት ከፈለግሽ አምጫት፣ ግን በራሷ እግር ትምጣ፣ የመጣችበትን መንገድም አሳዪን። ሰባት ምዕራፍ ጠፍታ በስምንተኛው አቅፋው አታልቅስ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ካልፈለግክ አትመልስ፣ ያንተስ ቤተሰብ?

መልስ፦ እህቴ ትደውላለች። አባቴ አይደውልም። አሁንም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሙን ምን ላድርገው? ልጁ ከወጣ በኋላ ከታሪኩ ይጠፋል፣ አንድ አንባቢ "የት ገባ?" አለኝ።

መልስ፦ አንባቢህ ትክክል ነው። እዚያው ቤት ነው ያለው፣ ወንድሙ የሚተኛበት አልጋ ባዶ ሆኖ፣ ስሙ በጸሎት ብቻ እየተነሳ። ሦስት አራት አጫጭር ምዕራፎችን በእሱ ዓይን ጻፍ። ወላጆቹ ከመሄዱ በኋላ ምን እንደሆኑ ሊያሳየን የሚችል ሌላ ሰው የለህም። ተናዶበት ይሁን፣ ምክንያቱም ጥሎት ሄዷል፣ አሁን የቤቱ ተስፋ ሁሉ እሱ ላይ ወድቋል። ወንድሙ የሚልክለትን መልእክት አንብቦ ያጥፋ፣ አይመልስ። ይመልስ ወይስ አይመልስ የሚለውን አሁን አትወስን፣ እነዚያን ምዕራፎች ጽፈህ ላክልኝና አብረን እናያለን።