አጋዘን ቀንዱን መቼ ይጥላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ጫካ ገብተው አጋዘን የጣለውን ቀንድ ሲለቅሙና ሲሸጡ በቪዲዮ አየን። እኔና ጓደኞቼ በዘጌ ደንና በጣና ዳርቻ ልንሞክረው አስበናል። የእኛ አጋዘን ቀንዱን የሚጥለው በየትኛው ወር ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በየትኛውም ወር አይጥልም። ያሳሳታችሁ ቃሉ ነው። በአማርኛ «አጋዘን» እያልን የምንጠራው ሁለት የተለያዩ ወገኖችን ነው። የእኛው አጋዘን፣ ያ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው፣ ከበሬና ከፍየል ወገን ነው። የባሌው የደጋ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋና ዋልያም እንደዚያው። በቪዲዮ ያያችሁት ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ «ዋላ» ብለን የምናውቀው ነው። ይህ ወገን በኢትዮጵያ የለም፤ በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው።

የዋላ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው። ጸጉራም ቆዳ ለብሶ፣ በቆዳው የደም ሥሮች እየተመገበ በጥቂት ወራት ያድጋል። ሲደርስ ቆዳው ደርቆ ይላጣል። የመራቢያው ወቅት አልፎ የወንድነት ሆርሞን ሲቀንስ፣ ቀንዱ ከራስ ቅል ጋር የሚጋጠምበት አጥንት እየተበላ ይሳሳና ቀንዱ በራሱ ይወድቃል። እንስሳው ምንም አይጎዳም፤ ሌላ ያበቅላል። የእኛዎቹ ቀንድ ግን ድርብ ነው፦ ከውስጥ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት፣ ከውጭ ደግሞ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ልባስ። ዕድሜ ልክ ያድጋል እንጂ አይቀየርም። ልባሱን በየዓመቱ የሚቀይር አንድ እንስሳ ብቻ አለ፤ እሱም የሰሜን አሜሪካው ፕሮንግሆርን ነው።

ስለዚህ በደን ውስጥ የድኩላ ቀንድ ብታገኙ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። ጅብ በልቶት ይሆናል፣ ወጥመድ ይዞት ይሆናል፣ በሽታ ገድሎት ይሆናል፤ ቀንዱን አይታችሁ ብቻ ልትለዩ አትችሉም። ገዢውም አይለይም። «ወድቆ አገኘሁት» የሚለውን ቃል የተቀበለ ሰው ሁሉ በወጥመድ የተገኘውንም ይገዛል፤ ገበያ ሲደራ ደግሞ ወጥመድ ይበዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ ውጤትን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ወንጀል ያደረገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ቀንድም፣ ቆዳም፣ የጉማሬ ጥርስም በዚሁ ይታያሉ። የጣና ሐይቅ ዙሪያ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተስማምቶ እንዲጠበቅ የተለየ ቦታ፣ መሆኑንም አትርሱ።

ጫካ መግባቱን ግን አንከለክላችሁም። ቀንዱን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። አጠገቡ የሽቦ ወይም የገመድ ወጥመድ ካያችሁ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ወይም ለቀበሌው አሳውቁ። በዓባይ መውጫና በደንገል ዳር ስትሄዱ ደግሞ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ከውሃው ራቁ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣውና የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው። እዚህ የወደቀ ቀንድ መልቀም የተለመደ ስለሆነ በእረፍት ቀኔ ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (ከባሕር ዳር ተወላጅ)

መልስ፦ ወቅቱን። ከዴንቨር በሚያልፈው አውራ ጎዳና 25 በስተምዕራብ ባለ የሕዝብ መሬት ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቀንድ መልቀም ክልክል ነው። ቀንዱ በብዛት የሚወድቀው ግን በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈተናል። የክልከላው ምክንያት ጥሩ ነው። በክረምቱ መጨረሻ እንስሳቱ በበጋ ያጠራቀሙትን ስብ ጨርሰዋል፤ ሴቶቹም እርጉዝ ናቸው። ሰው በመጣ ቁጥር በበረዶ ውስጥ የሚሮጡት ሩጫ የቀረችውን ጉልበት ይጨርሰዋል፤ አንድ ቀን ከአንድ ቦታ መባረር ብዙ ባይመስልም በየቀኑ ሲደጋገም ይገድላል።

በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ በማንኛውም ወቅት ክልክል ነው። በግል መሬት ባለቤቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ሜይ ከገባም በኋላ መንጋ ካዩ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ውሻ አይልቀቁ። ያገኙትን ቀንድ ሥር ይመልከቱ፦ በራሱ የወደቀ ከሆነ ሥሩ ሻካራና ወደ ውጭ ዶለዶም ያለ ነው። የራስ ቅል ስባሪ ከተያያዘው ግን እንስሳው ሞቷል፤ ሳያነሱ ለዱር እንስሳት ቢሮው ይደውሉ። በዚያ ግዛት አጋዘኖችን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ ስላለ የራስ ቅልና የአንጎል ቅሪት የነካካውን ቤት ማስገባት አይገባም። አይጥና ሽኮኮ የቦረቦሩትን እዚያው ይተዉላቸው፤ ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚያገኙት ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ሲሸሽ ከብት በምናሰማራበት ሜዳ ልጆቼ ከሞተች ላም ቀንድ ነቅለው ለመጫወቻ አመጡ። ላሟ የጎረቤት ናት፤ ጠዋት ደህና ነበረች፣ ከሰዓት ሞታ ተገኘች። አጥንቱ አሁን ደርቋል። ችግር አለው? (ከፎገራ)

መልስ፦ አዎ፣ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ዛሬውኑ ያድርጉ። ድንገተኛ ሞት የአባ ሰንጋ ዋነኛ ምልክት ነው። ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም መውጣቱንና በድኑ ቶሎ ግትር አለማለቱን ጎረቤትዎን ይጠይቁ። አጥንቱ መድረቁ ዋስትና አይሆንም። የአባ ሰንጋ ተህዋስ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሆንና በአፈር፣ በቆዳ፣ በጸጉርና በቀንድ ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ውሃው ዘሩን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሰዋል።

ቀንዱን አይጠቡት፣ አይፋቁት፣ «ልቀቅለውና ይጸዳል» አይበሉ። በወፍራም ፌስታል እጅዎን ሸፍነው ያንሱትና በሌላ ፌስታል ያስሩት፤ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጠው የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። የልጆቹን እጅ በብዙ ውሃና ሳሙና ያሳጥቡ። የእጅ ሳኒታይዘር ዘሩን አይገድለውም። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል እጃቸውን፣ ፊታቸውንና አንገታቸውን ይዩ። መጀመሪያ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚያሳክክ እባጭ ይወጣል፤ ከዚያ ውሃ ይቋጥርና መሐሉ ጠቁሮ የማያም ቁስል ይሆናል። አለማመሙ ሰውን ያዘናጋል። ያን ካዩ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ከሞተች ላም ቀንድ እንደነኩም ይናገሩ። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ተህዋስ መድኃኒት ይድናል።

ወደፊት በድንገት የሞተ ከብት ሲያጋጥም አይገፈፍ፣ አይከፈት፤ ሲከፈት ነው ተህዋሱ ዘር የሚሆነው። በባለሙያ ምክር ይቃጠላል ወይም ሁለት ሜትር በጠለቀ ጉድጓድ ይቀበራል። ሊሞት ሲል «ሥጋው እንዳይባክን» ተብሎ የታረደ ከብትም ከዚህ አይለይም፤ ሥጋውም ቀንዱም ለማንም አይሰጥ።

ጥያቄ፦ ከፋሲካ ቅርጫ የተረፈ የበሬ ቀንድ ወስጄ ዋንጫ ልሠራ ሞከርኩ። አንዱ ሸተተ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር፣ የእንጨት ሠራተኛ)

መልስ፦ ቀንድ መሰብሰብ ለሚወድ ሰው በአገራችን ትክክለኛው ምንጭ ይኸው ነው። ጤነኛ ሆኖ የታረደ በሬ፣ ከተቻለም ሥጋው በባለሙያ የተመረመረበት ቄራ። በበዓል ማግስት በየሠፈሩ የሚጣለው ቀንድ ብዙ ነው። የፎገራ ከብት ቀንድ አጭር ስለሆነ ለትንሽ ኩባያ እንጂ ለትልቅ ዋንጫ አይበቃም፤ ለትልቁ የራያ በሬ ቀንድ ይፈልጉ።

የሸተተው የውስጡ አጥንት ስላልወጣ ነው። በአጥንቱና በልባሱ መካከል ያለው ሥጋ ይበሰብሳል። ሁለት መንገድ አለ። ቀዝቃዛው፦ ቀንዱን ክዳን ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን በየአራት አምስት ቀኑ መቀየር፤ በባሕር ዳር ሙቀት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይላቀቃል። ውሃው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ፤ ወደ ሐይቁም ወደ ቦዩም አይሂድ። ሙቁ፦ በደጅ፣ ለምግብ በማያገለግል ድስት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀስ ብሎ መቀቀል። ቀንዱ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ከሥሩ እንጨት ያድርጉ፤ የጋለ ብረት የነካው ቦታ ይጣመማል። በወፍራም ጨርቅ ይዘው ሥሩን ግንድ ላይ መታ መታ ያድርጉና እየጠመዘዙ ይሳቡ። እምቢ ካለ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ከቆየ ልባሱ ይነጣና እንደ ሽንኩርት በየሽፋኑ ይላቀቃል።

ውስጡን ፍቀው በሙቅ ውሃና ሳሙና ይጠቡ። በረኪና አያስገቡ፤ ኬራቲኑን ይበላዋል። የተሰነጠቀው ፀሐይ ላይ ስለዋለ ነው፦ ስሱ ከንፈሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ጫፍ እርጥብ ይቆያል፣ መሐሉ ይቀደዳል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ አፉን ወደ ታች አድርገው ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡ አልፎ አልፎ ያገላብጡት። ቀንድ የምትበላ የእሳት ራት አለች፤ ትሏ ከቀንዱ ላይ የጭቃ ጣት የሚመስል ቱቦ ስትሠራ ያዩዋታል።

ከመቁረጥዎ በፊት ቀጭን ሽቦ ከትተው ክፍተቱ የት እንደሚያልቅ ይለኩ፤ ጫፉ ድፍን ነው። ለቂጡ ከደረቀ ዋንዛ ክብ ይጥረቡ፣ ከቀዳዳው ጥቂት የሚሰፋ። ቀንዱ በፈላ ውሃ ለስለስ ሲል ክቡን ገፍተው ያስገቡት፤ ሲቀዘቅዝ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ዙሪያውን በቀለጠ ሰም ይድፈኑት። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ ከዚያ 240፣ 400፣ 600 እያሉ ያለስልሱት፤ ወረቀቱን ውሃ ያስነኩ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የቀንድ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ጠላና ጠጅ ይጠጡበት። ትኩስ ቡና ግን አይቅዱበት፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ቂጡም ይላቀቃል።