ምክር ቤቱ አጸደቀ ሲባል ኪራዬ ይጨምራል ወይ?

እህቴ፣ «የድሬዳዋ ምክር ቤት በጉባኤው አዳዲስ አዋጆች አጸደቀ በተባለ ማግስት አከራዬ አዲስ ሕግ ወጥቷል ብሎ ኪራይ ጨመረብኝ። ቀበሌ ስጠይቅ መመሪያ አልወረደም አሉኝ። የማንን ልያዝ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝ። የአዋጁን ወረቀት ሳታዪ የማንንም ቃል አትያዢ፤ የአከራይሽንም፣ የቀበሌውንም፣ የእኔንም።

መጀመሪያ ነገር፣ በጉባኤ የጸደቀ ሁሉ ያንቺን ቤት አይነካም። ሪፖርት ይጸድቃል፣ ሹመት ይጸድቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ በጀት ይጸድቃል። ዜናው ሁሉንም አንድ ላይ ይነግረናል፤ እኛም ሰምተን ለጎረቤት ስናወራ ሌላ እንጨምርበታለን። ስለዚህ «የትኛው አዋጅ? ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቁጥሩን የማይነግርሽ ሰው አላነበበውም።

አዋጁ ሲገኝ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረሽ አንብቢው። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ (ከአሮጌው ሕግ ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚታለፍ የሚናገረው)፣ የተሻሩ ሕጎች፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ የሚሉት እዚያ ናቸው። አንድ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ በአዲስ ሕግ ትቀጣለህ ተብሎ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጣ። መጨረሻውን ስናይ ነባር ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ያቺን ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ መስመሩን በቀይ አስምረንባት ከማመልከቻው ጋር አያያዝናት። ቅጣቱ ቀረለት። ሕጉ ከመጀመሪያውም ከእሱ ጋር ነበር፤ ያነበበለት ሰው ነው ያጣው።

«መመሪያ አልወረደም» የሚለው መልስ አንዳንዴ እውነት ነው። አዋጅ ምክር ቤት ያወጣዋል፣ ደንብ ካቢኔ፣ መመሪያ ደግሞ ቢሮ። አዋጁ ራሱ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» ያለው ጉዳይ ይጠብቃል። በግልጽ የሰጠሽ መብት ግን መመሪያ ይውረድ ተብሎ አይታገድም። «መመሪያ የሚጠብቀው የትኛው አንቀጽ ነው?» በያቸው፣ በትህትና። መመሪያም ቢሆን በጓዳ የሚወጣ ነገር አይደለም። የፌዴራሉ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ የከተማ አስተዳደሮችንም ይጨምራል፤ ድሬዳዋ ደግሞ በቻርተሯ፣ ማለትም በመተዳደሪያ ሕጓ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መመሪያ ሲረቀቅ ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ሳይመዘገብና ይፋ ሳይደረግም ሥራ ላይ አይውልም።

ወደ ኪራይሽ ስመጣ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው እንጂ የእኛው ከተማ ምክር ቤት አይደለም። ውሉ ከ2 ዓመት ያነሰ አይሆንም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ይፋ በሚያደርገው መሠረት እንጂ አከራይ በፈለገ ቀን የሚያደርገው አይደለም። ይህ ለመኖሪያ ቤት ነው፤ የያዝሽው ሱቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ለይተሽ ንገሪኝ።

አንድ የሚያበሳጨኝን ልናገር። ረቂቅ አዋጅ በቋሚ ኮሚቴ ሲታይ የሕዝብ መድረክ ይጠራል። ተከራይ ግን ስንቱ ይመጣል? አከራይና ነጋዴ ተደራጅቶ ይገባል፣ ተከራዩ ሥራ ላይ ነው ወይም አልሰማም። ከዚያ ሕጉ ሲወጣ እናለቅሳለን። በሚቀጥለው ጥሪው ሲወጣ እዚሁ ለጥፉት፣ እኔም እሄዳለሁ።

ለጊዜው አከራይሽን የጭማሪውን ምክንያትና የአዋጁን ቁጥር በጽሑፍ ጠይቂው፣ ተቆጥተሽ ሳይሆን በሰላም። እስከዚያ የነበረውን ኪራይ በባንክ አስገቢና ደረሰኙን ያዢ። ውሉ መመዝገቡን አረጋግጪ፤ ካልተመዘገበ ነገ ጠዋት እሱን አስቀድሚ።