ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ያነሳል?

ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ለመግባት የተዘጋጃችሁ ወጣት ሐኪሞች፣ ፕሮግራም ስትመርጡ የምትጠይቁትን አውቃለሁ። ስንት ኬስ ይመጣል? ስንት ኦፕሬሽን በእጄ እሠራለሁ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ አንድ ልጨምርላችሁ። የአንደኛ ዓመት ሬዚደንቶችን ለብቻቸው አግኟቸውና «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሲኒየር ስትደውሉ ምን ትባላላችሁ?» በሏቸው። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ፊታቸውን እዩ።

የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት እያለሁ አንድ ሌሊት ዲዩቲ (ተረኛ) ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የሆድ ኦፕሬሽን የተደረገለት ወጣት ተኝቷል። ማታ አራት ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 92። ስድስት ሰዓት ላይ 108። ስምንት ሰዓት ላይ 124። የደም ግፊቱ ግን ደህና ነው። ወጣት ሰው ውስጥ ውስጡን ሲደማ እንዲህ ነው፤ ልቡ እየሮጠ ግፊቱን ይዞ ያቆይና በኋላ ባንዴ ይለቀዋል። ይህን አውቅ ነበር፤ ተፈትኜበታለሁ። ስልኬን አውጥቼ የሲኒየሬን ስም ፈለግኩ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ሦስቴ እንዲህ አደረግኩ። ከሳምንት በፊት ጓደኛዬ ሌሊት ደውሎለት፣ ጠዋት ሞርኒንግ (ሐኪሞች ስለ ሌሊቱ ታካሚዎች የሚነጋገሩበት ስብሰባ) ላይ ሰው ሁሉ እያየ አንገቱን ሲያስደፋው አይቻለሁ። «አንድ ከረጢት ፈሳሽ ልስጠውና ልየው» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ግፊቱ ወረደ።

ልጁ ተረፈ። እንደገና ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ፣ ብዙ ደም ወስዶ፣ ስድስት ቀን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከርሞ። እናቱ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ያ ምስጋና ዛሬም ይከብደኛል።

ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ስለ ሾክ (ደም ለሰውነት በበቂ ሳይደርስ ሲቀር) እና ስለ ደም መፍሰስ ተፈተንኩ። ሁሉንም መለስኩ። ለምን እንዳልደወልኩ የጠየቀኝ አልነበረም። ስንወጣ አንዲት ኮንሰልታንት (ሬዚደንቶችን የምታሠለጥን ስፔሻሊስት) ደረጃው ላይ ጠበቀችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ለምን አልደወልሽም?» አለችኝ። አለቀስኩ። አላቋረጠችኝም። ከዚያ ወረቀት አወጣችና መጻፍ ጀመረች። ምቱ ከ110 ካለፈ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ነርሷ «አላማረኝም» ካለች፣ ይደወላል። «ይህ ደንብ ነው» አለችኝ። «ደንብ ስለሆነ ነው የምትደውዪው፤ ስላላወቅሽ አይደለም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሬዚደንት ለመደወል ድፍረት ካስፈለገው ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ድፍረት በሌሊት፣ በድካም፣ በረሃብ ያልቃል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ደንብ ግን አይደክመውም። የምትገቡበት ክፍል እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ከሌለው፣ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን አትጠይቁ።

ስለ ሥራ ሰዓት ብዙ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ብዙ ታካሚ የያዙ ሬዚደንቶች ነበሩ፤ ኃላፊው ሐኪም የተማከረው በስልክ ነበር። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ዝም አላሉም። በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ገደበ። በ2003 ገደቡ ለመላው አሜሪካ ሬዚደንቶች ሆነ። ሰው የሚያስታውሰው 80ን ነው። የኒው ዮርክ ደንብ ግን ሲኒየሮች ሬዚደንቶችን በቅርብ እንዲከታተሉም ያዝዝ ነበር። ለእኔ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም አደገኛ ነው፣ አልክድም። ግን ተኝቶ የመጣ ሬዚደንትም ብቻውን ከተተወ ያው ነው።

ርክክብንም፣ ተረኛ ሲቀያየር ታካሚዎችን ለተተኪው ማስረከብን፣ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ፕሮግራሞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሬዚደንቶች በሥርዓት እንዲረካከቡ ሲደረግ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀነሰ። የዚያ ሥርዓት አንዱ ክፍል «እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርግ» የሚለው ነው። «አልጋ 7 ደህና ነው» ብላችሁ አትሂዱ። «አልጋ 7 ምቱ ከፍ ካለ አትጠብቅ፣ ደውል» በሉ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔን ታድነኝ ነበር።

ስህተት መሥራታችሁ አይቀርም። ያን ቀን ለታካሚውና ለቤተሰቡ እውነቱ ይነገር፤ መጀመሪያ የተጎዱት እነሱ ናቸው። እናንተንም ግን አንድ ሰው ፈልጎ ያግኛችሁ። ካልመጣ እናንተ ሂዱ። ቤት ገብታችሁ በራችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ። ጓደኛችሁ ከሆነ የተሳሳተው፣ «አይዞህ» ብላችሁ አትለፉት። አብራችሁት ብሉ፣ የሚቀጥለውን ዲዩቲ ውሰዱለት።

በዓመቱ እናንተም ሲኒየር ትሆናላችሁ። አዲስ ልጅ ሌሊት ይደውልላችኋል፣ ደክሟችኋል፣ ጥያቄውም ቀላል ይሆናል። እኔ ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ የምለው «እንኳን ደወልክ» ነው። ከዚያ ቁጥሮቹን እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ከሰማሁ፣ ቁጥሮቹ ደህና ቢሆኑም ጫማዬን አደርጋለሁ።