ጥያቄና መልስ፦ የግሪክ ድርሰት ማንበብ ከቁርባን ይከለክላል? መጽሐፍ ቅዱስንስ እንደገባኝ ብተረጉመው?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስነጽሁፍ ተማሪ ነኝ፣ 3ኛ ዓመት። ዘንድሮ የግሪክ ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) እያነበብን ነው፣ በዛ ላይ የኖኅን የጥፋት ውሃ ከጥንቱ የባቢሎን የጊልጋሜሽ ታሪክ ጋር አወዳድሩ የሚል አሳይመንት ተሰጥቶናል። የዶርም ጓደኛዬ "የጣኦት ተረት እያነበብሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ" አለችኝ፣ ከዛ ጀምሮ ልቤ ተረብሿል። ሌላው ደግሞ ክላስ ላይ የድርሰት ትርጉም ያለው አንባቢው ጋር ነው ተብለናል፣ ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስንም እንደገባኝ ብተረጉመው ምን ችግር አለው? የቤተክርስቲያናችን የመጽሐፍ ትርጓሜ፣ አንድምታውስ፣ ለአንድ ነገር ሁለት ሶስት ትርጉም ይሰጥ የለ? ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ እነዚህን መጻሕፍት ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ወደ ግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ ትምህርት) ከሚመጡ የቋንቋና የስነጽሁፍ ልጆች ብዙዎቹ ይሄንኑ በልባቸው ይዘው ነው የሚመላለሱት፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የቁርባኑን ነገር። ለትምህርትሽ ብለሽ የግሪክ ትራጄዲ ውስጥ ያለውን የንጉሥ ኤዲፐስን ታሪክ ስላነበብሽ ከቁርባን የሚከለክልሽ የለም። ጣኦት ማምለክ ሌላ፣ ጣኦት ያመልኩ የነበሩ ሰዎች የጻፉትን ማንበብ ሌላ። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ውስጥ አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ሲሰብክ ምን እንደጠቀሰ የሐዋርያት ሥራ 17፥28 ላይ እይው፣ ከባለቅኔዎቻችሁ አንዳንዶቹ "እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና" ብለዋል ይላቸዋል። ያ ስንኝ አራጦስ የሚባል ግሪካዊ ዜውስ ስለሚባለው የግሪኮች ዋና ጣኦት የጻፈው ግጥም ውስጥ ያለ ነው። ስለ ዜውስ የተባለውን ነው ሐዋርያው አንስቶ ወደ እውነተኛው ፈጣሪ ያቀናው! ለቲቶም ሲጽፍ (1፥12) የቀርጤስ ሰው የተናገረውን ጠቅሷል፣ ሳያውቀው እንዴት ይጠቅሰዋል?

ቅዳሴው የሚቀደስልን ቅዱስ ባስልዮስም ከወዳጁ ከጎርጎርዮስ ጋር አቴና ሄዶ ነው የተማረው፣ በኋላ ወጣቶች የግሪክን ድርሰት እንዴት ያንብቡት በሚለው ላይ ራሱን የቻለ ጽሁፍ ጽፎላቸዋል። እዛ ላይ ያመጣው ምሳሌ የንብ ነው፣ ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ያረፈችበትንም ጠራርጋ አትወስድም፣ የሚሆናትን ቀስማ ሌላውን ትታው ትሄዳለች፣ ጌራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ይሄን ከኔ በላይ ያስረዳሻል። ክፉውን ሥራ ሲያወድሱት ግን ጆሯችሁን ድፈኑ ብሏል፣ ይሄም አይረሳ። የኛም አባቶች ቢሆኑ ስለ እንስሳትና ስለ ምሳሌያቸው የሚናገረውን ፊሳልጎስን ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰዋል፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ አባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋን ከአረብኛ ወደ ግዕዝ ተርጉመውታል፣ የነሶቅራጥስና የነአፍላጦን አባባል በገዳማችን ብራና ላይ ተጽፎ ኖሯል ማለት ነው። ጓደኛሽ ላንቺ አስባ ነው የተናገረችው፣ አትቀየሚያት፣ ግን ይሄን ንገሪያት።

እንዲያውም ኤዲፐስን ስታነቢ 2ኛ ሳሙኤል 12ን ከጎኑ አድርጊው። ኤዲፐስ ከተማው በመቅሰፍት ሲመታ የቀድሞውን ንጉሥ የገደለውን ጥፋተኛ ፈልጌ አወጣለሁ ብሎ ይምላል፣ ፈልጎ ፈልጎ ራሱን ያገኛል። ዳዊትም ናታን የድሃውን በግ ነገር ሲነግረው ተቆጥቶ ሞት ይገባዋል ብሎ ይፈርዳል፣ ነቢዩም "ያ ሰው አንተ ነህ" ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከዛ በኋላ ግን ኤዲፐስ የገዛ ዓይኑን አጥፍቶ ይሰደዳል፣ ዳዊት ደግሞ በደልሁ ብሎ ይወድቃል፣ ይቅር ይባላል፣ ቅጣቱ ሳይቀርለት ይነሳል፣ እኛም ያንን ንስሐ መዝሙር 50 ላይ ይዘን እስከዛሬ እንጸልይበታለን። ሌላም አለ፣ ኤዲፐስ ሳይወለድ በፊት በተነገረበት ትንቢት ነው የታሰረው፣ ዳዊት ግን እያወቀ በፈቃዱ ነው የበደለው፣ ቤተክርስቲያንም ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ብላ ነው የምታስተምረው። ይሄን ክላስ ላይ ብታነሺው ማንም ስብከት ነው አይልሽም፣ ከጽሁፉ ላይ የሚታይ ነገር ነው።

አሳይመንቱንም እንደዛው በድፍረት ስሪው። የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈበት የሸክላ ጽላት በ1872 እ.ኤ.አ. ተነቦ ሲታወቅ ብዙ ሰው ደንግጧል፣ መርከቡም፣ ርግብና ቁራ መላኩም፣ ከውሃው በኋላ መስዋዕቱም እዛ አለ። አንቺ ግን አትደንግጪ፣ የጥፋት ውሃ ትዝታ በብዙ ሕዝብ ዘንድ መገኘቱ ለእምነታችን ነውር አይደለም። መመሳሰሉን ቁጠሪና ከዛ ልዩነቱ ላይ ቁጭ በይ። እዛ አማልክቱ ራሳቸው ውሃውን ፈርተው እንደ ውሻ ተኮራምተው ይተኛሉ፣ መስዋዕቱ ሲሸታቸው እንደ ዝንብ ይሰበሰባሉ። ዘፍጥረት ላይ ያለው አምላክ ስለ ሰው ክፋት አዝኖ ይፈርዳል፣ በውሃው መሃል ኖኅን ያስባል፣ መጨረሻ ላይ ኪዳን ይገባል። ደግሞ ይሄን ልብ በይልኝ፣ በጊልጋሜሽ ከውሃው የተረፈው ሰው ታሪኩን በገዛ አፉ ነው የሚተርከው፣ ኖኅ ግን ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ድረስ አንዲት ቃል ሲናገር አይሰማም። ስለሱ የተጻፈው "እግዚአብሔር እንዳዘዘው ሁሉ እንዲሁ አደረገ" የሚል ነው (6፥22)። እኔ ይሄን ዝምታ ሳስበው በጣም ነው የምወደው፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንድታይ ደግሞ የስነጽሁፍ ትምህርትሽ ይረዳሻል። ከፈለግሽ ቅዳሜ ከጉባኤ በኋላ ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናየዋለን።

ወደ ትርጓሜው ስንመጣ ግን ቆም በይ። የግጥም ትርጉም ማን ጋር ነው የሚለውን ከሌክቸረራችሁ ጋር ተከራከሩበት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ማንም ለገዛ ራሱ ሊተረጉም አልተፈቀደም ብሎ ዘግቶታል (2ኛ ጴጥ 1፥20)። የአገራችን ሰው ጃንደረባው ሰረገላ ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ ማንበብ አቅቶት አልነበረም፣ የንግሥት ሹም ነው፣ በገንዘቧ ሁሉ የሰለጠነ። ፊልጶስ ታስተውለዋለህ ወይ ሲለው ግን "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል" አለና ሰረገላው ላይ አስወጣው።

አንድምታው ብዙ ትርጉም መስጠቱ እውነት ነው፣ ያ ማለት ግን እንዳሻሽ ተርጉሚ ማለት አይደለም። መምህሩ ንባቡን ያስቀድማል፣ ከዛ ትርጓሜውን "አንድም" እያለ ያወርዳል፣ ያ ሁሉ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የመጣ ነው፣ ብሉይን ወይ ሐዲስን ለመጨረስ ወንበር ስር ዓመታት ተቀምጦ ነው፣ ደግሞ ከአንዱ አንድም ወደ ሌላው ስትሄጂ ሃይማኖቱ ሲናጋ አታዪም። ደጉ ሳምራዊን ውሰጂ (ሉቃ 10)። ወንበዴዎች የደበደቡት ሰው አዳም ነው፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ተብሎ ይተረጎማል። ግን ይሄ ምስጢር ንባቡን አይሽረውም! ጌታ ሲጨርስ "ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ" ነው ያለው። አሁን ልጆቹ ላይ የማየውና የሚያሳዝነኝ ነገር ይሄ ነው፣ ከቴሌግራም ባወረዱት ፒዲኤፍ የዲናሩን ምስጢር ይዘው ይከራከራሉ፣ መናኸሪያ በር ላይ የወደቀውን በሽተኛ ግን ዞር ብለው አያዩትም። ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ ንባቡን ደጋግመሽ አንብቢ፣ ማን ለማን ተናገረው፣ ከላዩና ከታቹ ምን አለ በይ፣ ይሄን ክላስ ውስጥ ተምረሽዋል። ያልገባሽን በኖትሽ ላይ ጻፊና መምህር ጠይቂ። አዲስ ትርጉም መጣልኝ ያልሽ ቀንማ ከማንም በፊት ለንስሐ አባትሽ ወይ ለጉባኤው መምህር ንገሪ።

የጾሙን ነገር ላሳጥረው። ዐቢይ ጾም ላይ የኮርስ መጽሐፍሽን አንብቢ፣ ተማሪ ነሽ፣ ሥራሽ ነው። ጠዋት ጸሎትሽንና ዳዊትሽን አስቀድሚ፣ ላይብረሪ ከዛ በኋላ ይደርሳል። ለኤግዛም የማይፈለገውን፣ ማለትም ለመዝናኛ ብለሽ በስልክሽ የምታዪውን ድራማና ፊልም፣ እሱን እስከ ፋሲካ አቆዪው።