የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሴረም ከመግዛታችሁ በፊት

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ ፊት ሴረም፣ ማለትም በጠብታ ስለሚቀባው ቀጭን የፊት ማከሚያ፣ የተጻፉትን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ስም ሳንጠቅስ አቅርበናቸዋል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ፊቴ ወዛም ነው፤ ብጉር ከግንባሬና ከጉንጬ አይጠፋም። ከቴሌግራም ሱቅ ሦስት ሴረም ገዛሁ፦ ኒያሲናማይድ 10 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ እና ቫይታሚን ሲ። ሦስቱንም ማታ ማታ አከታትዬ እቀባለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ፊቴ ይቃጠል፣ ይላጥ ጀመር፤ የብጉሩ ምልክትም ጠቆረ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። ዋናውን ዕቃ ገዝተሽም ቢሆን በዚህ አቀባብ ፊትሽ መቃጠሉ አይቀርም ነበር። ሳሊሲሊክ አሲድ በዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ወዝ የደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ያጸዳል፤ በዚያው ልክ ግን የላይኛውን የቆዳ ንብርብር ያላላል። ቫይታሚን ሲ በንጹሕ መልኩ፣ ማለትም በአስኮርቢክ አሲድነቱ፣ የሚሠራው ፒ ኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ3.5 በታች ሲሆን ነው፤ እሱም አሲድ ነው። ሁለቱን በአንድ ማታ ደራርቦ መቀባት በላላ ቆዳ ላይ ሌላ አሲድ መጨመር ነው። ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፤ የጠቆረብሽ ምልክት ከዚያ የመጣ ነው። ለእኛ ቆዳ ከብጉሩ ይልቅ ቁጣው የበለጠ ያስከፍላል፤ ብጉር በሳምንት ይጠፋል፣ ጥቁረቱ ግን ወራት ይቆያል።

አሁን ሦስቱንም ለሁለት ሳምንት አቁሚ። ጠዋት በውኃ ብቻ፣ ማታ ሽታ በሌለውና ለስላሳ በሆነ የፊት መታጠቢያ ታጠቢ። የገላ ሳሙና ተዪው፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒ ኤቹ ከ9 እስከ 10 ሲሆን የፊት ቆዳ ግን 5 አካባቢ ነው። ከዚያ ቀላል ሎሽን፣ ጠዋት ደግሞ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)። ሎሽን ስትቀቢ ማቃጠሉ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ ወደ ሴረም አትመለሺ።

ስትመለሺ በሳሊሲሊኩ ብቻ ጀምሪ፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ፣ ፊትሽ በደንብ ከደረቀ በኋላ 4 ጠብታ። ወር ሙሉ ሰላም ከሆነ ኒያሲናማይዱን (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው) ጠዋት ጨምሪ። በነገራችን ላይ ጥናቶች ጥቅሙን ያሳዩት ከ2 እስከ 5 በመቶ ባለው መጠን ነው፤ 10 በመቶው እጥፍ አይሠራም፣ አንዳንድ ፊት ላይ ግን ያሳክካል። ቫይታሚን ሲውን ለጊዜው እርሺው፤ ብጉር የያዘው ፊት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን አይደለም።

ሂሳቡንም አስቢው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ነው፤ ባለ 30 ሚሊ ጠርሙስ 600 ጠብታ ይይዛል። በሳምንት ሦስት ቀን 4 ጠብታ ከሆነ ጠርሙሱ ለ50 ሳምንት ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል አለ፤ ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት ጠርሙስ በአንድ ቀን መክፈት ግማሹን ለመጣል መግዛት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ሳሊሲሊክ ወይም አዳፓሊን (ከሬቲኖል ወገን የሆነ የብጉር መድኃኒት) በጀመርሽ በመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ብጉር ሊበዛ ይችላል። ድሮም በሚወጣበት ቦታ ከወጣና ቶሎ ከደረቀ ታገሺ፤ አዲስ ቦታ ላይ ከወጣ፣ ካቃጠለ ወይም ካሳከከ ግን ቁጣ ነውና አቁሚ። ውጤት የሚለካው በ8ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ለውጥ ከሌለ ሌላ ሴረም ከመፈለግ ፋርማሲ ገብተሽ 0.1 በመቶ አዳፓሊን ጄል ጠይቂ፤ ለብጉር ከአብዛኛው ውድ ሴረም ይሻላል። ለሙሉ ፊት የአተር ፍሬ ታህል በቂ ናት፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከሥሩ ሎሽን ቀብተሽ። ሳሊሲሊኩን በዚያ ማታ አትቀቢው። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አዳፓሊንም ሬቲኖልም አይነኩም።

«የ34 ዓመት እናት ነኝ፣ ከአዘዞ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ማዲያት ወጣብኝ። የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ ነው። ‹ሚክስ› የሚሉትን ክሬም ከገበያ ገዝቼ አምስት ወር ተቀባሁ። መጀመሪያ ፊቴ ጠራ፤ አሁን አንድ ቀን ካለፈኝ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ልጄን ገና አጠባለሁ። የትኛው ሴረም ይሻለኛል?»

እሜቴ፣ ሴረሙን ለኋላ እናቆየውና ከክሬሙ እንጀምር። መለያ በሌለው ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ማቅያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች (የቆዳ ቁጣ የሚያበርዱ መድኃኒቶች)፣ መጠኑ ያልታወቀ ሃይድሮኪኖን (የቆዳ ቀለም የሚያነጣ ኬሚካል)፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ናቸው። ፊት በሳምንት ጠርቶ፣ ሲቋረጥ የሚቀላና የሚቃጠል ከሆነ ስቴሮይድ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ሜርኩሪ ካለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ በፊትዎና በእጅዎ በኩልም ሕፃኑን ይነካል።

አምስት ወር ተቀብተው በአንድ ቀን ቢጥሉት ፊትዎ ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃውን ይዘው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ እንዴት እንደሚያቋርጡት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እስከዚያ ሕፃኑ ፊትዎን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ክሬሙን በነኩበት እጅም ሳይታጠቡ አይያዙት።

ቆዳው ከረጋ በኋላ ለማዲያት የምንመርጥልዎ አዜላይክ አሲድ ነው። በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ ከሚፈቀዱት ውስጥ ነው፤ ለጠይም ቆዳም ይስማማል። ከመዋቢያ ሱቅ የሚገኘው 10 በመቶ ነው፤ ከፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ቀኑ ማታ፣ ከዚያ በየማታው፣ ከለመዱት ጠዋትም ማታም። በመጀመሪያ ቀናት ለደቂቃዎች ቢቆጠቁጥ አይደንግጡ። ከሦስት ወር በፊት ግን መስታወት አይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ያለ ሰንስክሪን ከንቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቀንም እንጂ ከቆላው ፀሐይ ይብሳል። ክረምትም ቢሆን ደመናው ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ነጠላ መከናነብም አይበቃም፤ ሳሳ ያለ ነጭ ጥጥ ብዙ ያሳልፋል። ጃንጥላ ይሻላል።

ለማዲያት ቡናማ ቀለም ያለውን ሰንስክሪን ይምረጡ። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ እሱም ማዲያትን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል፤ ቀለም የሌለው ግን ይህን አይችልም። በሌባ ጣትዎና በመሐል ጣትዎ ሙሉ ርዝመት ጨምቀው ለፊትና ለአንገት ይጠቀሙ። አብዛኛው ሰው የዚህን ሩብ ይቀባና «አልሠራም» ይላል።

ሙቀትም ማዲያት ያባብሳል። አክንባሎውን ሲያነሡ ፊትዎን ወደ ጎን ያዙሩ፤ እንፋሎቱ ፊት ላይ አይምጣ። ላብዎን በንጹሕ ጨርቅ እየጫኑ ያድርቁ እንጂ አይፈትጉት። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንዱ ማዲያትን ይቀሰቅሳል።

«ቆዳዬ ደረቅ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ፊቴ ይሰነጣጠቃል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ስቀባ ይባስ ይወጥረኛል። ገንዘቤም ብዙ አይደለም።» (ከፒያሳ)

ሃያሉሮኒክ አሲድ ውኃ ይይዛል እንጂ አይከድንም። በበጋው ደረቅ አየር ደረቅ ፊት ላይ ቀብተው ቢተዉት የያዘው ውኃ ተኖ ያልቃል፤ መወጠሩ ከዚያ ነው። ፊትዎን ታጥበው ሳያደርቁ፣ ውኃው ገና ሳይጠፋ ይቀቡትና ወዲያው በላዩ ሎሽን ይድረቡ።

ሴረሙ ሲያልቅ ሌላ አይግዙ። ከፋርማሲ ንጹሕ ግሊሰሪን ይግዙ፤ ሥራው ተመሳሳይ፣ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ሳይበረዝ ፊት ላይ አይደረግም፦ በእርጥብ መዳፍዎ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ አድርገው በውኃው ያሻሹና በእርጥብ ፊት ላይ ይቀቡት። ማታ ማታ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሽታ የሌላት ቫዝሊን በመዳፍ አሙቀው ጉንጭዎ ላይ ይጫኗት። ግሊሰሪኑን በጠርሙስ ከውኃ ጋር ቀላቅለው አያስቀምጡ፤ መከላከያ ስለሌለው ተሕዋስ ያፈራል።

«ጢሜን በተላጨሁ ማግስት አንገቴ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል። ለብጉር የሚሆን ሴረም ልግዛ?» (የ26 ዓመት ወጣት)

የአንተ ብጉር አይደለም። የተጠቀለለ ፀጉር በምላጭ ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ሲያድግ ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት አለመላጨት ወይም በማሽን ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፎ መቁረጥ ነው። ፀጉር ቆራጭህ ዜሮ እንዳያወርድህ ንገረው፤ ማሽኑ ከሌላ ሰው በኋላ ሳይጸዳ እንዳይነካህም።

መላጨት ግድ ከሆነ በሞቀ ውኃ አርጥበህ፣ ባለ አንድ ስለት ምላጭ ይዘህ፣ ቆዳውን ሳትወጥር ወደ ፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ላጭ። በማግስቱ ማታ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀባ፤ በተላጨህበት ዕለት ግን አይሆንም። የሚመግል ካለ ከ2.5 እስከ 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል ቀጭን አድርገህ። ይህ ጄል ጨርቅ ስለሚያነጣ በደንብ ሳይደርቅ ሸሚዝም ጋቢም አታስነካው። ማጅራትህ ላይ እየደደረ የሚያድግ እብጠት ካለ በሴረም አትሞክረው፤ ለሐኪም አሳይ።

«የ15 ዓመት ልጄ ግንባርዋ ላይ፣ ፀጉርዋ መነሻ ጋር ጥቃቅን ሽፍታ ሞልቷል። ኒያሲናማይድ ይበጃት ይሆን?»

ፀጉርዋን ቅቤ ትቀባለች? ቅቤውና የፀጉር ቅባቱ ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳ ይደፍናል። ከግንባርዋ ሁለት ጣት አርቃ ትቀባ፣ ስትተኛ ፀጉርዋን ትሸፍን፣ ትራስ ልብሱ በየሳምንቱ ይታጠብ። በስድስት ሳምንት ካልቀነሰ ያኔ ስለ ሴረም እንነጋገራለን። ሽፍታው ሁሉም አንድ መጠን ሆኖ የሚያሳክካት ከሆነ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላልና የቆዳ ሐኪም ይየው።

«ቫይታሚን ሲ ሴረሜ ሻይ መስሏል። ልጠቀመው?»

አይሆንም። ውኃ የመሰለ ወይም ገለባ የመሰለ ቀለም ደኅና ነው፤ ቡናማ ከሆነ ተበላሽቷል። ስትገዙ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ምረጡ፤ ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተውን ተዉት። የምርት ቁጥሩ ካርቶኑና ጠርሙሱ ላይ አንድ መሆኑንም እዩ።

«ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ፊቴ እንዲያበራ ምን አዲስ ነገር ልጀምር?»

ምንም። ሁለት ሳምንት ለመቆጣት ይበቃል፣ ለመጥራት አይበቃም። ማንኛውም አዲስ ሴረም መጀመሪያ ክንድ ውስጥ፣ ከክርን በታች፣ አንድ ቦታ ላይ ለአምስት ቀን ጠዋትና ማታ ተቀብቶ መታየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ገንዘቡን ሰንስክሪን ግዢበት፣ ኤስ ፒ ኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም 50 የሆነውን። በበዓሉ ዕለት ከቤት ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቢ፤ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ቆመሽ የምትውዪ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው፤ ጠበል ከተረጨብሽም ፊትሽን ጫን ጫን አድርገሽ አድርቀሽ እንደገና ተቀቢ።