ዛፉ ላይ ሁላችንም ጀማሪ ነበርን

ልጆች፣ ባለፈው ሰኔ ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ ከሚሮጡት ጋር ዛፍ ላይ ወጥተን ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ሳንዲ ስፕሪንግ የሚባል ቦታ አለ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ጫካው ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሽቦ ገመድ፣ በሳንቃና በተንጠለጠለ ግንድ ትሻገራላችሁ። መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል፤ ወይን ጠጁ ለጀማሪ ነው፣ ከዚያ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ጥቁሩ ላይ ይደርሳል። ወገብና ጭናችሁ ላይ መታጠቂያ ይታሰርና ሁለት መንጠቆ ይሰጣችኋል። አንዱ ሽቦው ላይ ካልተቆለፈ ሌላው አይከፈትም። ስለዚህ እግራችሁ ቢስት እንኳ ትንጠለጠላላችሁ እንጂ መሬት አትደርሱም። ይህን ጭንቅላታችሁ ያውቀዋል፤ እግራችሁ ግን አያውቀውም።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሙያው ላይ 31 ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ተከትለን ስንሮጥ አብዛኞቹ በእድሜ ልጆቼ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ማራቶን ከ2 ሰዓት ከ50 በታች የሚገባ ጎበዝ ልጅ ነው። ቀላሉን ዘሎ በቀጥታ አረንጓዴው ላይ ወጣ። ሦስተኛው መሻገሪያ ላይ፣ ግንዶቹ መካከል፣ ቆመ።

ከታች አየው ነበር። በሁለት እጁ ሽቦውን አንቆ ይዞ የጣቶቹ አንጓ ነጥቷል። ቀኝ እግሩ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ በጣቶቹ ነበር የቆመው። ባት ተወጥሮ ሲቆይ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ተረከዝ ወረድ ሲል ይረጋል። ደግሞም ሩጫ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወስደን። ክንዳችንንና የእጃችንን ጉልበት ብዙም አንሠራባቸውም። «ተረከዝህን አውርድ!» ብዬ ጮህኩ፣ አልሰማኝም።

ያሻገረችው ሁልጊዜ ከኋላችን የምትገባው ልጅ ናት። ቀድማው ተሻግራ ቀጣዩ ዛፍ ላይ እየጠበቀችው ነበር። «እኔን እየኝ፣ እግርህን አትይ። እጅህን ላላ አድርግ፣ ገመዱ ይዞሃል» አለችው። ቀስ ብላ፣ ሳትሰለች፣ ደጋግማ። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ እጁን ለቀቀ። ከዚያ አንድ ግንድ፣ ከዚያ ሌላ። ሲደርስ መታጠቂያውን ይዛ ሳበችው፣ እሱም ሳይሸሽግ «አመሰግናለሁ፣ ፈርቼ ነበር» አላት። ይቺን ቃል ነው ወደ ቤት ይዤ የሄድኩት።

ምክንያቱ እኔ በእሱ እድሜ እንዲህ ማለት አልቻልኩም። ጉልበትና ወገብ በማከም ስሜ በወጣበት ጊዜ፣ የማዞር ሕመም ሕክምና ተማር ተባልኩ። ከአዲስ ተመራቂዎች ጋር ነበር ትምህርቱ። «እኔ ከጀማሪ ጋር?» አልኩና ተውኩት። ለ4 ዓመት ያዞራቸውን ሁሉ ወደ ሌላ እልክ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናታችን መጡ፣ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የላቸውም። ከአልጋ ሲነሱ ቤቱ ይዞርባቸዋል። ጆሮ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች ከቦታቸው ሲወጡ የሚመጣ ነገር ነው፣ ራስን በተወሰነ አቅጣጫ እያዞሩ ጠጠሮቹን መመለስ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ይበቃሉ። እኔ አልቻልኩበትም። ላክኋቸው። ቀጠሮ እየጠበቁ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። በሚቀጥለው ወር ተመዘገብኩ፣ ከሁሉም በእድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀብኝም። ያ ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር እዚያ አልነበረም።

አበበ ቢቂላን ስናነሳ በፈረንጆቹ 1960ን እና 1964ን፣ ሮምንና ቶኪዮን እንቆጥራለን። እኔን በጣም የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከዱት። ዓለም በሩጫ ያወቀው ሰው በ1970 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚስበው የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ቀስቱን መጀመሪያ ያነሳበትን ቀን አስቡት፣ ያ ሁሉ ሰው ማን እንደሆነ እያወቀ።

እና እባካችሁ፣ ጎበዝ መሆናችሁን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር የማትችሉትን ነገር ሞክሩ። ከማያውቋችሁ ጋር ቀላል ነው። በሚያውቋችሁ ፊት «እዚህ ጋ ያዙኝ» ማለት ነው የሚከብደው። ይህን በሠላሳ ዓመታችሁ ከለመዳችሁት፣ በሥራ ቦታ ያላወቃችሁትን ለመጠየቅ እንደ እኔ፣ ሰው እስኪጎዳ አትጠብቁም።

የምትሄዱ ከሆነ ጓንት ያዙ፣ ሽቦው መዳፍ ይልጣል። ወፍራም ሶል ያለውን የውድድር ጫማ ተዉት፣ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ገመድ አያስነካችሁም። ፀጉር ረጅም ከሆነ ይታሰር። ከወይን ጠጁ ጀምሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሩጫ ስንጨርስ ያ ልጅ ከመኪናው አዲስ ጓንት አውጥቶ አሳየኝ። ሁለት ጥንድ ነው የገዛው፤ አንዱ የእሷ ነው።