የሸዋው ነው የሸዋዋ ደብረ ብርሃን?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «ስለ ሁለቱ ደብረ ብርሃኖች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ‹የሸዋ ደብረ ብርሃን› ልበል ወይስ ‹የሸዋው›? ጓደኛዬ ደግሞ ‹የሸዋዋ› ነው የሚባለው ብሎ ጭራሽ ግራ አጋባኝ።»

ጓደኛዎ ልክ ነው። ምክንያቱን ካልነገረዎት ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሸኘዎት።

የቦታ ስም ብቻውን ሲሆን ቅጥያ አይፈልግም። «ደብረ ብርሃኗ ሄድኩ» የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም። አንዱ ስም ለሁለት ሲሆን ነው መለያ የሚያስፈልገው፤ ያኔም ቅጥያው የሚለጠፈው በስሙ ላይ ሳይሆን በሚለየው ቃል ላይ ነው። «የሸዋ ደብረ ብርሃኗ» ጆሮ ይቆረቁራል፣ «የሸዋዋ ደብረ ብርሃን» ግን ሰተት ብሎ ይገባል። «የሸዋ ደብረ ብርሃን»ም ስህተት አይደለም፤ ቦታውን ይናገራል፣ በቃ። «የሸዋዋ» ሲሉ ግን ሰሚው ወዲያው «አሃ፣ ሌላም አለ ማለት ነው» ይላል። «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ውስጥ ያለችው «ኡ»ም ሥራዋ ይኸው ነው፣ በዚያ ዘመን ኢየሱስ የሚባል ሰው ብዙ ነበርና።

«ዋ» ለምን? ከተማን እንደ ሴት መጥራት ስለምንወድ። የእርስዎ ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ግን ከተማ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ «የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ይላሉ፣ በወንድ። ይቺ ልዩነት ብቻዋን ብዙ ማብራሪያ ታስቀርልዎታለች።

መምታታቱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሸዋ ያለችውን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468)። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም እንደ ተአምር ቆጠሩት፣ ስሟም ከዚያ መጣ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቀዳማዊ ኢያሱ ጎንደር ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ያንኑ ስም ሰጡት። ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት ተደርድሮ ቁልቁል የሚያየው፣ በሁሉም ፖስትካርድ ላይ ያለው፣ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ እሱ ተረፈ፤ ንቦች ናቸው የጠበቁት ይባላል። ታዲያ ያን ጣሪያ አይቶ ከሥሩ «ደብረ ብርሃን» ብቻ ተጽፎ ያነበበ ሰው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቢፈልገው ይፈረድበታል?

ሰው ላይ ስንመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የደብረ ብርሃኑ ዘርዓ ያዕቆብ» ማለት ይቻላል፤ ንጉሡን «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና ጽሑፍ የእሱ ነው ከሚባልለት ፈላስፋ፣ ከአክሱሙ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ይለይልናል። ነገር ግን «እዚያ የተወለደው» ማለት አይደለም። ከተማዋን የቆረቆረው ራሱ ሆኖ እንዴት እዚያ ይወለዳል? ፈላስፋውንም እንፍራዝ ስለኖረ «የእንፍራዙ» ቢሉት ያስኬዳል። ቅጥያዋ ሰውየውን ከቦታው ጋር ታያይዛለች እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አትሰጥም። መወለዱን ለመናገር ከፈለጉ «ተወላጅ» የሚል ቃል አለልዎት፣ ይጠቀሙበት።

እኔን ከሁሉም የሚያስቀኝ ደብረ ታቦር ነው። ተራራም ነው፣ በዓልም ነው፣ ከተማም ነው። «ደብረ ታቦርን ደብረ ታቦር አከበርኩ» የሚል ሰው ምንም አላጠፋም፤ ፊተኛው ነሐሴ 13 ነው፣ ኋለኛው ከተማዋ፣ ሁለቱን የለየችው ደግሞ አንዲት «ን» ናት። ሦስቱን በአንድ ጽሑፍ ካነሱ «የገሊላው ደብረ ታቦር» ይበሉ፣ ተራራ ነውና በወንድ። ቴዎድሮስ የተቀመጡባት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በአጠገቧ ጋፋት ላይ የተሠራላት፣ «የበጌምድሯ ደብረ ታቦር» ናት።

«ደብረ ብርሃኖች» ብለው መጻፍዎም ትክክል ነው። «ደብረ» ግዕዝ ነው፣ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተናቦ የቆመ ስለሆነ አይነካም፤ ብዙ ቁጥሩም ቅጥያውም መጨረሻው ላይ ነው የሚገባው። «ደብሮች ብርሃን» ካሉ ግን ከሁለቱም ከተማ ያባርሩዎታል። ይቅርታ፣ ከአንድ ከተማና ከአንድ ቤተ ክርስቲያን።